ናፒየር ለአፄ ቴዎድሮስ የጻፈው ደብዳቤ ማታለያ ነበር?

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ «ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ከነቤተሰባቸው በክብር እንደሚይዛቸው በጽሑፍ ቃል ገብቶላቸው ነበር። እሳቸውም እስረኞቹን ሁሉ ለቀቁ። ታዲያ መቅደላ ለምን ተወረረች? የፋሲካውን ከብት ተቀብያለሁ ብሎ ካስፈታቸው በኋላ ካደ የሚባለውስ እውነት ነው?»

በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ስለተጠመሩ፣ በአንድ ቃል አዎ ወይም አይደለም ብሎ መመለስ አይቻልም። ደብዳቤውን በተመለከተ ማታለል አላይበትም፤ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የነበረው ናፒየር የጻፈው ሊፈጽመው ሥልጣን ያለውን ብቻ ነበር፣ ያም እጅግ ጥቂት ነበር። የከብቶቹ ነገር ግን ሌላ ነው፤ በዚያ ላይ ናፒየርን ነፃ ማውጣት ይከብደኛል። ሁለቱን ለይቶ ለማየት ከሚያዝያ 4 እስከ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 11 እስከ 13 ቀን 1868) በሁለቱ ሰዎች መካከል የተመላለሰውን ጽሑፍ በቅደም ተከተል መከተል ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ግን ደብዳቤ ለአፄ ቴዎድሮስ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደነበረ መታወስ አለበት። ጠቡ ራሱ የተጀመረው መልስ ባጣ ደብዳቤ ነው። በጥቅምት 1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ በእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በኩል የላኩት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ሳለ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሳይመልስበት ቀረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት፣ በ1856 ዓ.ም ካሜሮንን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም የንግሥቲቱን መልስ ይዞ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳምም በመጀመሪያ በክብር ከተስተናገደ በኋላ ከነባልደረቦቹ ታሰረ። ስለዚህ ናፒየር በመጨረሻ ሲጽፍላቸው፣ አንብበው የሚቀበሉት ለዓመታት እያንዳንዱን ቃልና እያንዳንዱን ዝምታ ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ነበሩ።

ናፒየር በአንጻሩ ዕድሜውን ሙሉ በሠራዊት ውስጥ ያሳለፈ መኮንን ነው። መነሻው የቤንጋል መሐንዲሶች ክፍል ነበር፤ በሁለቱም የሲክ ጦርነቶች፣ በ1857 እ.ኤ.አ. በተነሣው የሕንድ ዓመፅ ጊዜ በሉክናው፣ በ1860 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቻይና ዘምቷል፤ ወደ ኢትዮጵያ ሲላክም የቦምቤይ ሠራዊት የበላይ አዛዥ ነበር። ዘመቻውን የመራው በመሐንዲስ ዓይን ነው፦ ዙላ ላይ ወደብና የባቡር ሐዲድ ሠራ፣ 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ጓዝ ተሸካሚና 44 ዝሆኖች አሰልፎ፣ በሰንዓፌ፣ በአዲግራትና በአሸንጌ በኩል አድርጎ ከባሕር እስከ በሽሎ ወንዝ ድረስ መንገድ እየጠረገ ደረሰ። ከመንግሥቱ የተሰጠው ትእዛዝ ጠባብና ግልጽ ነበር፤ እስረኞቹን አስፈትቶ መውጣት። ለአገሩ ሕዝብ ባሰራጨው አዋጅም አገር ለመያዝ እንዳልመጣ፣ ጠቡም ከቴዎድሮስ ጋር ብቻ እንደሆነ አስታውቋል፤ በየካቲት ወር ከትግራዩ ደጃዝማች ካሣ፣ ከኋለኛው አፄ ዮሐንስ፣ ጋር ተገናኝቶ የተነጋገረውም በዚሁ መሠረት ነው።

የስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3፣ በመቅደላ አቅራቢያ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ የሆነው የታወቀ ነው። ፊታውራሪ ገብርዬ የመሩት ሠራዊት ቁልቁል ሲወርድ ስናይደር በተባለው ከኋላው በሚጎርስ ጠመንጃና በሮኬት ተቆላ፤ ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሞተው ከ1,000 በላይ ሲቆስሉ፣ ገብርዬም እዚያው ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ብቻ ነበሩ። ከፋላ ተራራ ላይ የተተኮሰው የንጉሡ መድፍ ከጠላት አናት በላይ እያለፈ ከንቱ ቀረ።

በማግስቱ፣ በቀዳም ሥዑር ጠዋት፣ አፄ ቴዎድሮስ ከእስረኞቹ መካከል መኮንኑን ፕሪዶንና ሚሲዮናዊውን ፍላድን፣ ከራሳቸውም ወገን አማቻቸውን ደጃዝማች አለሜን ወደ እንግሊዝ ሰፈር ላኩ። ናፒየር የመለሰው ደብዳቤ በጣም አጭር ነው። በመጀመሪያ ንጉሡ እንደ ጀግና እንደተዋጉና በእንግሊዝ ጦር የበላይ ኃይል እንደተሸነፉ ይናገራል፤ ቀጥሎ ከእንግዲህ ደም እንዲፈስ እንደማይፈልግ ይገልጻል፤ ከዚያም ለእንግሊዝ ንግሥት እጃቸውን ሰጥተው በእጃቸው ያሉትን አውሮፓውያን ሁሉ በዚያኑ ቀን በደህና ካስረከቡ፣ ለራሳቸውና ለቤተሰባቸው ሁሉ በክብር መያዝን እንደሚያረጋግጥላቸው ይጽፋል። ሌላ ምንም የለበትም።

ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ ባነበብሁት ቁጥር የሚታየኝ የጸሐፊው ጥንቃቄ ነው። ምስጋናው እውነተኛ ይመስለኛል፤ ወታደር ስለ ወታደር የሚናገረው ነው። ቅድመ ሁኔታው ግን ሁለት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እስረኞቹን መልቀቅ ብቻውን አይበቃም፤ ንጉሡ ራሳቸውም እጅ መስጠት አለባቸው። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሲተረክ ይህ ሁለተኛው ግማሽ ይወድቅና «እስረኞቹን ልቀቅና በክብር ትኖራለህ» የተባለ ይመስላል። እንዲህ አልተባለም። ስለ ዙፋን፣ ስለ አገር፣ ስለ ነፃነትም አንድ ቃል አልተጻፈም፤ ሊጻፍም አይችልም ነበር፣ ምክንያቱም አንድ የጦር አዛዥ ከለንደን ያልተሰጠውን ነገር በራሱ ብዕር መስጠት አይችልም። በዚያ ላይ ቴዎድሮስን በዙፋናቸው እተዋለሁ ቢል ኖሮ፣ መንገዱን በሰላም ለከፈቱለት ለደጃዝማች ካሣና ለሌሎቹ ጌቶች ያስነገረውን ራሱ በሻረ ነበር።

እንግዲህ ችግሩ ያለው «በክብር» በምትለው ቃል ላይ ነው። አፄ ቴዎድሮስም ይህን ወዲያው አይተውታል፤ ደብዳቤው ሲነበብላቸው መልእክተኞቹን የጠየቁት ይህንኑ ነበር፦ በክብር መያዝ ማለት እንደ እስረኛ መያዝ ነው ወይስ አገራቸውን መልሰው እንዲይዙ መርዳት? መልእክተኞቹም መልስ አልነበራቸውም፤ ያላዘዛቸውን ሊናገሩ አይችሉም። በአገራችን ልማድ የተሸነፈ መኳንንት ድንጋይ ተሸክሞ ይገባል፣ ማረኝ ይላል፣ ከተማረም ብዙ ጊዜ ያንኑ ግዛቱን መልሶ ይሾማል፤ ክብሩ የሚመለሰው በሹመት ነው። በናፒየር ዓለም ግን ነገሩ ሌላ ነበር። እርሱ ራሱ በተዋጋባቸው ጦርነቶች የተሸነፉትን ነገሥታት ዕጣ ማየት ይበቃል፦ የፑንጃቡ ወጣት ንጉሥ ዱሊፕ ሲንግ ጡረታ ተቆርጦለት ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፣ የዴልሂው ባሃዱር ሻህ ደግሞ ወደ ራንጉን ተግዞ እዚያው ሞተ። ሁለቱም ዙፋናቸውን መልሰው አላገኙም። አፄ ቴዎድሮስ እነዚህን ታሪኮች በዝርዝር ባያውቁም፣ እስራት ምን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ መቅደላ እሳቸው ያሸነፏቸው መኳንንት የሚታሰሩባት አምባ ነበረች።

መልሳቸው የታሪካችን ትልቁ ደብዳቤ ነው ብዬ አምናለሁ። በቃል አጻፉት፤ ማኅተም አላሳረፉበትም፤ በሥላሴ ስም ከከፈቱ በኋላም ራሳቸውን የጠሩት ቴዎድሮስ ብለው ሳይሆን በክርስቶስ የሚታመን ካሣ ብለው ነው። ለንግሥት ቪክቶሪያ ሲጽፉ ሥዩመ እግዚአብሔር ንጉሠ ነገሥት የነበሩ ሰው ወደ ልደት ስማቸው ተመለሱ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ ደብዳቤው ለናፒየር ተጽፎ ሳለ የመጀመሪያው ንግግር ለናፒየር አለመሆኑ ነው። ለአገራቸው ሰው ነው የሚናገሩት፤ እኔ አብሬ ወጥቼ ካላደፋፈርሁ ሁልጊዜ ከጠላት ፊት የምትሸሹ ናችሁን ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ በኋላ ወደ መኮንኑ ዘወር ብለው ሕዝባቸው ግብር ስለጣሉበትና በወታደር ሥርዓት ሊያስገቡት ስለሞከሩ እንደጠላቸው፣ ናፒየር ያሸነፋቸው ግን በሥርዓት በሚታዘዝ ሕዝብ እንደሆነ ይናገራሉ።

ይህ አነጋገር ከፖለቲካ መሪ ወደ ጦር መኮንን የተላከ በመሆኑ ነው ትርጉሙ የሚጎላው። አፄ ቴዎድሮስ ደመወዝ የሚከፈለውና በሥርዓት የሚሰለፍ ሠራዊት ለማቆም ሲለፉ የኖሩ፣ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡ፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እያስጠረጉ ያስጎተቱ ንጉሥ ናቸው። ናፒየርም በዚያው ወቅት ከባሕሩ በኩል መንገድ እየጠረገ ይመጣ ነበር። ከደብዳቤው እንደሚነበበው፣ ከሽንፈቱ ማግስት ይህን ያህል የልባቸውን የገለጹት ሲመኙት የኖሩትን ነገር በእጁ ለያዘው ሰው ስለሚጽፉ ነው ብዬ እገምታለሁ። ምሕረት ለማኝ የሚጽፈው አይደለም፤ ባለሙያ ለባለሙያ የሚናገረው ነው። ወታደሮቻቸው ሲያመነቱ ተነሥተው ማደፋፈር የእሳቸው ሥራ እንደነበረ፣ የትናንቱ ጨለማ ግን እንደከለከላቸው ያስረዳሉ፤ መድፋቸው ከንቱ ሆኖ ድካማቸው ሁሉ እንደጠፋ ያዝናሉ፤ ኢየሩሳሌምን ከቱርክ ነፃ ለማውጣት ያስቡ እንደነበረ ያነሣሉ። መጨረሻ ላይ የናፒየርን ጥያቄ ይመልሱታል፦ ኃያላንን እንደ ሕፃን ታቅፎ እሹሩሩ ሲል የኖረ ጦረኛ ሌላው እንዲታቀፈው አይፈቅድም። ይህ «እጅ አልሰጥም» ማለት ነው። በዚያ ላይ የናፒየርን ደብዳቤ ራሱን አብረው መለሱለት።

ናፒየርም ያንኑ ደብዳቤ በዚያው መልእክተኞች እጅ እንደገና ሰደደው። አንድም ቃል አልለወጠም። በክብር የተባለው ምን ማለት እንደሆነ ንጉሡ ጠይቀው ሳለ፣ መልሱ ያው የመጀመሪያው ወረቀት ሆነ። የእኔ የመጀመሪያ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ሊሰጥ የማይችለውን መስጠት ባይጠበቅበትም፣ የሚሰጠውን ነገር ወሰን በግልጽ መናገር ግን ይችል ነበር፤ ማረፊያዎ እንዲህ ይሆናል፣ ልጅዎ እንዲህ ይሆናል ብሎ መጻፍ ከትእዛዙ አይወጣም ነበር።

በመሐሉ መቅደላ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ወደ ራሳቸው አዞሩ፤ ሰዎቻቸው ተረባርበው አስጣሏቸው። ከዚያ በኋላ በዚያው ምሽት ራሳምን፣ ካሜሮንንና ባልደረቦቻቸውን ለቀው ሰደዷቸው። ከአማካሪዎቻቸው እስረኞቹን እንግደል ያሉ እንደነበሩ ስናስታውስ፣ ይህ ውሳኔ የራሳቸው የንጉሡ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የፋሲካ ዕለት ማለዳ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። ቃናው ከመጀመሪያው ፈጽሞ የተለየ ነው። በትናንትናው ይጸጸታሉ፤ ራሳቸውን ሊገድሉ መሞከራቸውን የሰይጣን ፈተና አድርገው ይተርካሉ፤ የእጅ ጥበብ ወዳጅ በመሆናቸው ባለሙያዎቻቸው እንዳይለዩአቸው ያሳስባሉ፤ ፋሲካ ነውና ጥቂት ከብት ልስደድ ብለው ይጠይቃሉ። ጥቂት የተባለው 1,000 ላምና 500 በግ ነበር፤ የቀራቸው ሁሉ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ጠያቂው «ስጦታ» ያሉት ነገር በአማርኛ ስንት ስም እንዳለው እናስብ። ዝቅ ያለው ከፍ ላለው የሚያቀርበው እጅ መንሻ ነው፤ የአገሩ ገዥ ወደ ግዛቱ ለገባ እንግዳ የሚያዘው ደግሞ ድርጎ ነው። ለጾም መፍቻ የተሰደደ ከብት፣ በተለይ ከንጉሥ ለሰፈረ ጦር የተሰደደ፣ ወደ ድርጎው ያደላል። የተቀበለ እንግዳ ሆነ፤ የሰጠው ባለአገር ሆኖ ቀረ። ማዕድ የቆረሰ ደግሞ በዚያው ቀን አይዋጋም። በዚህ ንባብ መሠረት አፄ ቴዎድሮስ ከብቶቹን ሲልኩ የሰላም ስምምነቱን ጽሑፍ በከብት ቋንቋ ጽፈው እንደላኩ ይቆጠራል፤ መቀበልም መፈረም ነው።

የሆነውስ ምንድን ነው? ደብዳቤውን ያመጡት የንጉሡ ጸሐፊና ሳሙኤል የተባለው አስተርጓሚ ነበሩ። ራሳም እንደተረከው፣ ናፒየርን ከብቶቹን ይቀበል እንደሆነ ጠይቆት በቃል እቀበላለሁ ብሏል፤ መልእክተኞቹም ይህን ይዘው ወደ አምባው ተመለሱ። በእንግሊዝ ወገን በይፋ የተያዘው አቋም ግን ንጉሡ እጅ ሳይሰጡ ስጦታ አይቀበሉላቸውም የሚል ነው። ከሁለቱ የትኛው በትክክል እንደተነገረ መፍረድ ባይቻልም፣ ውጤቱ ላይ ክርክር የለም። ንጉሡ ተቀባይነት ማግኘታቸውን ሲሰሙ ሰላም ወረደ ብለው ደስ አላቸው፤ የቀሩትንም አውሮፓውያን፣ ባለሙያዎቹን ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው፣ በዚያው ቀን ሰደዱ። ከብቶቹ ግን በእንግሊዝ ዘብ ጠባቂዎች ተገትተው ወደ ሰፈሩ ሳይገቡ ቀሩ።

ናፒየር እሑድ ዕለት የተላኩለት ሰዎች ሁሉ ለምን እንደተላኩለት ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቢያንስ ከብቶቹን እንዳይገቡ ሲያዝ፣ መልእክተኞቹ ይዘውት የሄዱት ቃል ስህተት መሆኑን ለንጉሡ በጽሑፍ ሊያስታውቅ ይገባው ነበር። ለወታደር የተሳሳተ ትእዛዝ ሲደርስ ፈጥኖ ማረም የሙያው ሀሁ ነው። እርማቱ አልተጻፈም፤ እስረኞቹ እስከ መጨረሻው ሰው እስኪወጡ ድረስ ዝም ተባለ። ስለዚህ ጠያቂውን በቀጥታ ለመመለስ፦ ናፒየር በጽሑፍ አልዋሸም፤ ነገር ግን ጠላቱ በተሳሳተ ተስፋ ላይ ተመሥርቶ ሲሠራ እያየ ዝምታውን ተጠቅሞበታል። ከአምስት ዓመት በፊት በለንደን ዝምታ የተጀመረው ጠብ በመቅደላ በር በሌላ ዝምታ ማለቁ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የናፒየርን ወገን የሚደግፍ ክርክርም አለ፤ እውነት ያለበት ስለሆነ አልደብቀውም። ከጦርነቱ ዋዜማ፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ አፄ ቴዎድሮስ ብዙ የአገር ተወላጅ እስረኞች አስገድለው ከእስላምጌ ገደል አስጥለዋቸዋል። እንግሊዞች ይህን ካዩ በኋላ እንዲህ ካለ ንጉሥ ጋር ታርቆ ሕዝቡን በእጁ መተው አይቻልም ብለዋል። ክረምቱም እየቀረበ ስለነበር በሽሎ ሳይሞላ መመለስ ነበረባቸው። የሟቾቹን ነገር አቃልለን ማለፍ አንችልም፤ እነዚያ ሰዎች ደብዳቤ የሚጽፍላቸው መንግሥት ያልነበራቸው የእኛው ወገኖች ነበሩ። ሆኖም ይህ ምክንያት አውሮፓውያኑ እስኪለቀቁ ድረስ ለንጉሡ በጽሑፍ አልቀረበላቸውም፤ የተጠየቁት ለእነሱ ደም መልስ እንዲሰጡ ሳይሆን እጃቸውን እንዲሰጡ ብቻ ነው።

ሰኞ ሚያዝያ 6 አፄ ቴዎድሮስ ከብቶቹ እንዳልተቀበሉላቸው ተረዱ፤ አምባውን ለቀው ለመውጣት ሞክረው ተመለሱ፤ አብረዋቸው ለመቆየት ያልወደዱትን አሰናበቱ። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የእንግሊዝ ጦር ኮኬት በርን ጥሶ ሲገባ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። ያ ሽጉጥ በንግሥት ቪክቶሪያ ስም የተሰጣቸው ነበር፤ በላዩም ለንግሥቲቱ አገልጋይ ለፕላውደን ስላደረጉት ቸርነት ምስጋና የሚገልጽ ጽሑፍ ተቀርጾበታል።

የናፒየር ደብዳቤ ግን በንጉሡ ሞት ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በክብር መያዝን ያረጋገጠው ለንጉሡ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰባቸው ሁሉ ነበር፤ ምንም እንኳ ንጉሡ ቅድመ ሁኔታውን ስላልፈጸሙ ቃሉ አይጸናም ማለት ቢቻልም፣ ናፒየር በተግባር የጸና አድርጎ ይዞታል። እቴጌ ጥሩወርቅና የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ዓለማየሁ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ተጓዙ። እቴጌይቱ በግንቦት ወር መንገድ ላይ፣ ሕንጣሎ አካባቢ፣ ዐረፉ። ልጁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ ንግሥቲቱ ተቀበለችው፣ በታወቁ ትምህርት ቤቶች ገባ፣ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም ተላከ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንዘር በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። አባቱ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት «በክብር መያዝ ማለት ምንድን ነው?» ብለው ለጠየቁት ጥያቄ በጽሑፍ ያልተሰጠው መልስ በልጁ ሕይወት የታየው ይህ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠይቋል፤ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥትም በ2015 ዓ.ም፣ በአካባቢው የተቀበሩትን የሌሎች ሰዎች አጽም ሳይነኩ ማውጣት እንደማይቻል ገልጾ ጥያቄውን አልተቀበለውም።